ስቱኮው ከመነካቱ በፊት፦ ስለ አሮጌ የስሎት ካር ቦዲዎች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ሰሞኑን ለዚህ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ አንድ ነገር የሚጠይቁ ናቸው። በፒያሳ፣ በዶሮ ማነቂያ፣ በደጃች ውቤ ሰፈርና በአራት ኪሎ ለብዙ ዘመን ከኖሩበት ቤት ወደ ሌላ ሰፈር የተዛወሩ ቤተሰቦች ዕቃቸውን ሲሸክፉ ከቁም ሣጥን ራስ ላይ የተረሳ ካርቶን ያወርዳሉ፤ ሲከፍቱትም ጥቁር የፕላስቲክ መንገድ፣ ከባድ ትራንስፎርመርና በጋዜጣ የተጠቀለሉ ሁለት ሦስት ትንንሽ መኪኖች ያገኛሉ። ስሎት ካር የሚባሉት እነዚህ መኪኖች ከሆዳቸው በወጣች ትንሽ ምላስ በመንገዱ ላይ ባለው ቦይ እየተመሩ፣ ከቦዩ ግራና ቀኝ ከተዘረጉት የብረት ሐዲዶች ኤሌክትሪክ እየወሰዱ የሚሮጡ ናቸው። ከተላኩልን ፎቶግራፎች እንዳየነው አብዛኞቹ በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1957 ለገበያ የቀረበው የስካሌክስትሪክ ሥራዎች ሲሆኑ፣ ጥቂቶቹ የጀርመኑ ካሬራ፣ የጣሊያኑ ፖሊስቲልና የአሜሪካ ፋብሪካዎች ናቸው። ሞተራቸው ከተጸዳና ጠብታ ዘይት ካገኘ ብዙውን ጊዜ ይነሣል፤ የሚያስቸግረው ቦዲያቸው ስለሆነ የዛሬው ዓምድ ስለ ቦዲ ብቻ ይናገራል።

ጥያቄ፦ አባቴ በወጣትነታቸው ለትምህርት ሄደው ሲመለሱ ከእንግሊዝ አገር ያመጡት የስካሌክስትሪክ ጃጓር ዲ ታይፕ አለኝ። ታላቅ ወንድሜ በልጅነቱ የቤታችን በር በተቀባበት ነጭ የዘይት ቀለም ቀብቶታል። ከኋላው ጎማ በላይ ፓራፋንጎው ተሰንጥቋል፤ ቦዲውን ከሻንሲው ጋር የሚያስረው ብሎን የሚገባበት ምሰሶም ተሰብሯል። የሰፈራችን የባትላሜራ ባለሙያ ስንጥቁን በስቱኮ ሞልቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሎ፣ በመኪና ቀለም አረንጓዴ አድርጎ ሊመልስልኝ ፈቃደኛ ነው። ልስጠው ወይስ ይቅር? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ እባክዎ አይስጡት። ይህን የምለው የባለሙያውን እጅ ተጠራጥሬ አይደለም፤ የከተማችን የባትላሜራ ሠራተኞች ተጣጥፎ የመጣ ኮፈን ቀጥ አድርገው ሲመልሱ በዓይኔ አይቻለሁና ሥራቸውን አከብራለሁ። ልዩነቱ ያለው በዕቃው ላይ ነው። የመኪና ስቱኮ ለብረት የተዘጋጀ ሲሆን በውስጡ ስታይሪን የሚባል ፈሳሽ አለ፤ የእርስዎ ጃጓር ቦዲ ደግሞ ፖሊስታይሪን፣ ማለትም ከዚያው ከስታይሪን የተሠራ ፕላስቲክ ነው። ዘመድ ዘመዱን ያሟሟል። ስቱኮው በስሱ ፕላስቲክ ላይ ሲያርፍ ከመያዙ በፊት ያለሰልሰዋል፤ የሚደርቀውም ሙቀት እያወጣ ስለሆነ ፓራፋንጎው ቅርጹን ሊለውጥ ይችላል። የመኪና ቀለም የሚቀጥንበት ናይትሮ ቲነር ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ በብዛት ከተረጨ የቦዲውን ላይ በሰኮንዶች ውስጥ አሟሙቶ እንደተኮማተረ ቆዳ ይተወዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ከመጀመሪያው ይልቅ ያሳስበኛል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የወጡት የስካሌክስትሪክ የፕላስቲክ ቦዲዎች በአብዛኛው ቀለም የተቀቡ አይደሉም፤ ቀለሙ ከፕላስቲኩ ጋር ተቀላቅሎ አብሮ ቅርጽ የያዘ ነው። ስለዚህ ከወንድምዎ ነጭ ቀለም ሥር የፋብሪካው ቀለም ሳይነካ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። መኪናውን ገልብጠው፣ ሻንሲውን አውጥተው የቦዲውን ውስጥ ይመልከቱ፤ እዚያ የሚያዩት ቀለም የመኪናው የትውልድ ቀለም ነው። አረንጓዴ መሆኑንም አስቀድመው አይወስኑ። እውነተኛው ዲ ታይፕ የሌ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር ሦስት ጊዜ በተከታታይ አሸንፏል፤ እ.ኤ.አ. በ1955 ያሸነፈው የፋብሪካው መኪና አረንጓዴ ሲሆን፣ በ1956 እና በ1957 ያሸነፉት ግን የስኮትላንዱ ቡድን ሰማያዊ መኪኖች ነበሩ። ውስጡ ሰማያዊ ሆኖ ላዩን አረንጓዴ ቢቀቡት፣ አባትዎ ከሱቅ የገዙትን መኪና ሌላ መኪና አደረጉት ማለት ነው።

ነጩን ቀለም ለማንሣት አይቸኩሉ። በቅድሚያ መስታወቱን፣ የሹፌሩን ምስል፣ ጎማዎቹንና ክሮም የተለበጡትን ክፍሎች በሙሉ ያውጡ፤ የውድድር ቁጥር የተለጠፈበት ቦታ ካለም ፈሳሽ እንዳይነካው ይጠንቀቁ። ከፋርማሲ የሚገዛው 70 ከመቶ አልኮል በጥጥ ሲታሽ አንዳንዱን ቀለም ያስለቅቃል፤ ፖሊስታይሪንንም አይጎዳም። የበር የዘይት ቀለም ግን በእርሱ የሚበገር አይመስለኝም። ያን ጊዜ ዶት 3 የሚባለውን የፍሬን ዘይት በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አድርገው ይጠቀሙ። የፍሬን ዘይት የፈሰሰበትን መኪና ቀለም እንዴት እንደሚልጠው ማንኛውም መካኒክ ይነግርዎታል፤ ፖሊስታይሪንን ግን አያሟሟም። አስቀድመው በቦዲው ውስጥ በማይታይ ቦታ በጥጥ ጫፍ ነክተው ይሞክሩት፤ ጓንት ያድርጉ፤ በየሰዓቱ አውጥተው በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በለብታ ውኃ እያጠቡ ይመልከቱት። ሌሊቱን ነክረው አያሳድሩት፤ ብዙ የቆየ ፕላስቲክ ድርቅ ብሎ ተሰባሪ ሊሆን ይችላል።

ቀለሙ ከሰፊው ገጽ በቀላሉ ይነሣል፤ የሚያለፋው በበሩ መስመርና በፊቱ አየር ማስገቢያ ጠርዝ ውስጥ የተቀበረው ነው። እዚያ መርፌ ወይም ምላጭ እንዳያስገቡ አደራ እላለሁ። እኔ የምጠቀመው የወይራ መፋቂያ ነው። ጫፉን በውኃ አርሼ በድንጋይ ቀስ ብዬ እቀጠቅጠውና እንደ ብሩሽ ሲበተን በመስመሩ ላይ በቁመቱ እገፋዋለሁ፤ እንጨቱ የላላውን ቀለም እየጠረገ ይወጣል እንጂ ፕላስቲኩን አይጭረውም። ነጩ ቅርፊት በክር ስፋት ሲነሣና ከሥሩ ለብዙ ዘመን ተሸፍኖ የኖረው የፋብሪካ ቀለም ብልጭ ሲል ማየት፣ በዚህ ሥራ ውስጥ እኔ ከምወዳቸው ነገሮች ሁሉ ይበልጥብኛል።

ወደ ስንጥቁ ስንመጣ፣ ቅድም ያስጠነቀቅሁበትን ናይትሮ ቲነር አሁን በጠብታ እንፈልገዋለን። የፖሊስታይሪን ስንጥቅ በማስቲሽም ሆነ በሱፐር ግሉ ከሚጣበቅ ይልቅ ራሱን በራሱ ቢበየድ ይመረጣል። የስንጥቁን ሁለት ከንፈሮች በትክክል ገጥመው ይያዙ፤ በጣም ቀጭን የሥዕል ብሩሽ ቲነር አስነክተው፣ ጫፉን ከውስጥ በኩል ከስንጥቁ መነሻ ላይ ብቻ ያሳርፉት። ፈሳሹ በስንጥቁ ውስጥ ራሱ እየተሳበ እስከ መጨረሻው ይሄዳል፤ ሁለቱ ከንፈሮች ለስልሰው ይዋሐዳሉ። በዚህ ጊዜ ጣትዎ ከስንጥቁ በስተውጭ እንዳይሆን፤ ቲነሩ ከጣት ሥር ገብቶ ፕላስቲኩን ካለሰለሰው የጣትዎ አሻራ እስከ ወዲያኛው ታትሞ ይቀራል። እንደያዙት በብጣሽ ተለጣፊ ወረቀት አስረው 24 ሰዓት ያቆዩት። ሲደርቅ ከውስጥ በኩል ስስ የፖሊስታይሪን ቁራጭ አልብሰው በዚያው መንገድ ቢያጣብቁት ስንጥቁ ተመልሶ አይከፈትም።

ይህን የፖሊስታይሪን ቁራጭ ከየት አገኛለሁ ብለው አይጨነቁ። የሲዲ ማቀፊያ ፖሊስታይሪን ነው። ከሥራቸው በሦስት ማዕዘን ውስጥ 6 ቁጥር የታተመባቸው የእርጎ ኩባያዎችም እንደዚሁ ናቸው። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ በየተማሪው ኪስ የሚገኘው የቢክ እስክሪብቶ ጥርት ያለ ቀፎ ፖሊስታይሪን መሆኑ ነው። ቀፎውን በቢላ ፍቀው ቅራፊውን በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ከጥቂት ቲነር ጋር አንድ ሌሊት ቢያሳድሩት እንደ ማር የሚሳብ ሙሊት ይሆንልዎታል፤ ለዚህ ቦዲ ስቱኮው ይህ ነው። ሲደርቅ ስለሚጎድል በአንድ ጊዜ አይሙሉት፤ ስስ ስስ አድርገው በየቀኑ እየደረቡ፣ ከመጨረሻው በኋላ ቢያንስ ሦስት ቀን ጠብቀው ብቻ በ600፣ ከዚያም በ1000 እና በ2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውኃ እያራሱ ይፍቁት። የተሰበረውን የብሎን ምሰሶ ለመተካትም ከዚያው ቀፎ ላይ በሚፈለገው ቁመት ቆርጠው፣ ጫፉን በሞረድ አስተካክለው፣ በቲነር ከነበረበት ቦታ ላይ ይበይዱት። ቀፎው ከውጭ ስድስት ጎን ቢሆንም ውስጡ ክብ ቀዳዳ ስላለው ብሎኑን ለመቀበል ተዘጋጅቶ እንደተሠራ ያህል ነው፤ ቀዳዳው ከሰፋ ያንኑ ሙሊት ጨምረው ሲደርቅ በብሎኑ ልክ ይብሱት።

ቲነር ሲከፍቱ መስኮቱን ይክፈቱ፤ ቡና በሚቆላበትና ከሰል በተያያዘበት ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይሥሩ። ቦዲውን በመጨረሻ በጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ጥጥ አሽተው ቢያጥቡት በቂ ነው። የቀሩት ጭረቶች ይቆዩ፤ ቀለም ግን በምንም ምክንያት አይጨምሩበት።

ጥያቄ፦ የእኔ መኪና ፕላስቲክ ሳይሆን ቆርቆሮ ነው፤ ማዜራቲ የሚል ስም አለው። አፍንጫው ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ጥቂት ዝገትም ይዟል። (ከቸርችል ጎዳና)

መልስ፦ የያዙት ከመጀመሪያዎቹ የስካሌክስትሪክ መኪኖች አንዱ ነው፤ ፋብሪካው ከ1960 (እ.ኤ.አ.) በፊት ቦዲ የሚሠራው ከቆርቆሮ ነበርና በደንብ ይጠብቁት። ለዚህኛው የባትላሜራ ዕውቀት በእርግጥ ይጠቅማል፤ መዶሻው ግን ይቅር። ከውስጥ በኩል የማንኪያ ጀርባ በመሰለ የተወለወለ እንጨት፣ ከጉድጓዱ ዳር ጀምረው ወደ መካከሉ እየዞሩ በጣት ኃይል ብቻ ይግፉት፤ ቦዲው ደግሞ በአሸዋ በተሞላ የጨርቅ ከረጢት ላይ ይረፍ። ከመካከሉ ከጀመሩ ቆርቆሮው ይጨማደድና ቀለሙ ይረግፋል። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አይንኩ፤ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት በጥጥ አስነክተው ቀስ ብለው ያብሱት፤ የማይለቀው ይቆይ። ዘይቱ ዝገቱን ያቆመዋል፤ የቀረው የፋብሪካ ቀለም ደግሞ ዝገት ከያዘው ቦታ ጋርም ቢሆን ከአዲስ ቀለም ይሻላል።

ጥያቄ፦ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት የጣሊያን መኪኖች አሉኝ። አንዱ ሙሉ ነው፤ ሁለተኛው የኋላ ፓራውልቱና የፊት መስታወቱ ጠፍተዋል። መለዋወጫ ከውጭ ለማስመጣት አቅም የለኝም። እዚሁ ላሠራው እችላለሁን? የክሮሙንስ ነገር ምን ላድርግ? (ከፒያሳ)

መልስ፦ አንዱ መኪና ሙሉ መሆኑ ትልቅ ዕድል ነው፤ ለጎደለው ናሙና ይሆንልዎታል። በዚህ ሥራ ከማንም በላይ የሚረዳዎት ዕቃ የሚገኘው የጥርስ ሕክምና ዕቃ ከሚሸጡ ዘንድ ነው። ሐኪሞች የጥርስን ቅርጽ ለመውሰድ የሚጠቀሙበት፣ ሁለት ሊጥ በእጅ ተለውሶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንደ ጎማ የሚጠነክር ሲሊኮን አለ። ፕላስቲክን አይነካም፤ ክሮምንም አይልጥም፤ የፀጉር ያህል ቀጭን መስመር እንኳ ሳይቀር ይቀርጻል። ከሙሉው መኪና ላይ ፓራውልቱን በጥንቃቄ አውጥተው፣ የሚታየውን ፊቱን ወደ ታች አድርገው በተለወሰው ሲሊኮን ውስጥ ይጫኑት፤ ሲጠነክር ያውጡት። በተገኘው ጉድጓድ ውስጥ በሁለት ቱቦ የሚሸጠውን ኤፖክሲ ደባልቀው በክብሪት እንጨት ጫፍ፣ በመጀመሪያ ወደ ማዕዘኖቹ እየገፉ ይሙሉት። የአየር አረፋ የሚደበቀው ማዕዘን ላይ ነው። በማግሥቱ ሲወጣ ትርፉን በጌጣጌጥ ሠሪዎች ቀጭን ሞረድ ያስተካክሉ፤ ሰፈርዎ ፒያሳ ስለሆነ እንዲህ ያለውን ሞረድ የት እንደሚጠይቁ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ለፋይበር ግላስ የሚሸጠውን ሬዚን ግን በቦዲው ላይ እንዳያፈሱ፤ እርሱም እንደ ስቱኮው ስታይሪን አለበት።

ለክሮሙ የሚረጭ የብር ቀለም አልመክርዎትም፤ ብር ሳይሆን አመድ ነው የሚመስለው። ቀጭን ቫርኒሽ ፓራውልቱን ቀብተው፣ ጣት ሲነካው ትንሽ ያዝ የሚያደርግበት ደረጃ ላይ ሲደርስ ቀጭን የአሉሚኒየም ወረቀት አልብሰው በጥጥ ጫፍ ከመካከል ወደ ዳር እያሹ ያጣብቁት፤ ዳሩን በአዲስ ምላጭ ይከርክሙ። በነገራችን ላይ የፋብሪካው ክሮም ራሱ እጅግ ስስ የአሉሚኒየም ሽፋን ነው። ስለዚህ ሙሉውን መኪና ሲያጸዱ በረኪና በአጠገቡ አይድረስ። በረኪና አሉሚኒየምን ይበላል፤ ክሮም የተለበጠው ክፍል ደቂቃዎች ሳይሞሉት ክሮሙ ጠፍቶ ባዶ ፕላስቲክ ሆኖ ይወጣል። በለብታ ውኃና በጣም ስስ በሆነ ብሩሽ ብቻ ይጠቡት፤ አይሹት።

መስታወቱን በተመለከተ፣ ጠፍጣፋ ከሆነ ከሲዲ ማቀፊያ ላይ ይቆረጣል። ክብ ወይም የተጎበጠ ከሆነ ግን የሃይላንድ ፕላስቲክ ይሻላል። የሙሉውን መኪና መስታወት ቅርጽ በዚያው ሲሊኮን ወስደው ከኤፖክሲ ወይም ከጥርስ ሐኪም ጄሶ ቅርጹን ያውጡ፤ ከሃይላንዱ የተቆረጠውን ቁራጭ በቅርጹ ላይ ወጥረው በሽቦ ይሰሩትና የፈላ ውኃ ያፍስሱበት። ፕላስቲኩ ወዲያው ይሰበሰብና ቅርጹን ይይዛል፤ ቀዝቅዞ እስኪጠነክር ድረስ ግን ሽቦው አይፈታ።

ሲያጣብቁት ነጩን የአናጢ ኮላ ይጠቀሙ፤ ሲደርቅ ጥርት ይላል፤ ቢበላሽም በውኃ ይለቃል። ሱፐር ግሉን በመስታወት አጠገብ አይክፈቱ። ይህን የተማርሁት በራሴ መኪና ላይ በደረሰብኝ ጉዳት ነው። ከዓመታት በፊት የአንድ ካሬራ መኪና መስታወት በሁለት ጠብታ ሱፐር ግሉ አጣብቄ፣ አቧራ እንዳይነካው ብዬ በካርቶን ሸፍኜ አሳደርሁት። ጧት ስከፍተው መስታወቱ በሙሉ የክረምት ጉም የወረደበት ይመስል ነበር፤ የሙጫው ትነት መውጫ ሲያጣ ተመልሶ መስታወቱ ላይ አርፎ ነጭ ሆኖ ደርቋል። የላዩን በጥርስ ሳሙና ለቀናት አሽቼ አጠራሁት፤ የውስጡ ማዕዘን ግን እጄ ስለማይደርስበት ዛሬም እንደ ጉም ነው።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ የመጣ፣ እንደ ወረቀት ስስ የሆነ ጥርት ያለ ቦዲ አለኝ። ቀለሙ ከውስጥ በኩል ነው የተቀባው፤ ጎኑ ላይ ተቀድዷል። እርሱንስ በቲነር ልበይደው? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ አይበይዱት። ይህ ዓይነቱ ቦዲ በሙቀት ለስልሶ በቅርጽ ላይ በአየር ተስቦ የሚሠራ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ሌክሳን በመባል የሚታወቀው ፖሊካርቦኔት ነው። ቲነርና አሴቶን ሲነኩት እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል። ላዩን በብርጭቆ ወረቀትም አይንኩት፤ ቀለሙ የሚያምረው በጥርት ያለው ፕላስቲክ ውስጥ ሲታይ ነውና። ቅዳዱን ገጥመው ከውጭ በተለጣፊ ወረቀት ከያዙት በኋላ፣ ከውስጥ በኩል ስስ የቁስል ጎዝ አልብሰው ሁለት ቱቦ ባለው ኤፖክሲ ይቀቡት። ከውስጥ የተረፈ የድሮ ቀለም ካለ አይፋቁት፤ ተመሳሳዩን ቀለም አግኝቶ መልሶ ማዋሐድ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ጥያቄ፦ ነጩ መኪናዬ ቢጫ ሆኗል። የውበት ሳሎን ያላት እህቴ የፀጉር ኦክሲጅን ቀብተን ፀሐይ ላይ ብናስቀምጠው ይነጣል ትላለች። እውነት ነው? (ከሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ)

መልስ፦ እህትዎ እውነታቸውን ነው። የፀጉር ኦክሲጅን የሚባለው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው፤ ከፀሐይ ብርሃን ጋር ሲገናኝ በጊዜ ብዛት ቢጫ የሆነ ፕላስቲክን ያነጣል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ብርቱ ናት፤ መኪናዎን ቢጫ ያደረገችው ፀሐይ ራሷ ታነጣዋለች ማለት ነው። ይሁን እንጂ ሦስት ነገር ልብ ይበሉ። ቅባቱ በአንድ ቦታ ወፍሮ በሌላው ከሳሳ ወይም በፀሐዩ ከደረቀ ፕላስቲኩ ዥንጉርጉር ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ በየግማሽ ሰዓቱ በብሩሽ እያደሱ፣ ቦዲውን እያዞሩ መጠበቅ ያስፈልጋል። ቁጥር የተለጠፈበትን፣ ቀለም ያለበትንና ክሮሙን ፈጽሞ መንካት የለበትም። ከጊዜ በኋላም ቢጫው ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። በእኔ ግምት ቢጫው እኩል የተዳረሰ ከሆነ ባይነካ ይሻላል፤ ግማሹ ነጭ ግማሹ ቢጫ ሆኖ ዓይን የሚያስቸግር ከሆነ ግን፣ ፀሐያማ በሆነ የጥቅምት ቀን፣ ጓንት አድርገው ቢሞክሩት አልቃወምም።

ጥያቄ፦ መኪኖቹን ለልጅ ልጆቼ ላቆያቸው አስቤ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ በብር ላስቲክ አስሬ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ዕቃ ቤት ውስጥ አሥር ዓመት ያህል አስቀመጥኋቸው። አሁን ስከፍታቸው የአንዱ ጎማ ከፓራፋንጎው ጋር ተጣብቆ ፕላስቲኩን እንደ ሰም አቅልጦታል፤ የሌላው ጣሪያ ደግሞ ተጣሟል። ምን አጠፋሁ? (ከአራዳ ጊዮርጊስ)

መልስ፦ ያሰቡት ጥሩ ነበር፤ ዕቃዎቹ ናቸው ያልተስማሙት። የድሮ ለስላሳ ጎማዎች እንዳይደርቁ የሚያለሰልስ ዘይት ተቀላቅሎባቸዋል። ይህ ዘይት በዓመታት ቀስ እያለ ይወጣና ከነካው ፖሊስታይሪን ጋር ይዋሐዳል፤ ያዩትም መቅለጥ በእሳት ሳይሆን በዚህ ዘይት የመጣ ነው። ለስላሳው የላስቲክ መጠቅለያም ይህንኑ ሊያደርግ ይችላል። ጎማውን ከቦዲው ላይ በኃይል አይንቀሉት፤ ቀጭን የጥርስ ክር በመካከላቸው አስገብተው እንደ መጋዝ እየሳቡ ያለያዩዋቸው። ከዚያ ቦዲውን በሳሙና አጥበው ለሁለት ሳምንት ያህል አየር ላይ ይተዉት፤ የለሰለሰው ቦታ መልሶ ሊጠነክር ይችላል። የጎደለውን በላይኛው መልስ በገለጽሁት የቢክ ቀፎ ሙሊት መሙላት ይቻላል።

ለተጣመመው ጣሪያ ውኃ ያሙቁ፤ አያፍሉት ግን። ፖሊስታይሪን ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ይለሰልሳል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም፣ ቀድሞ የተጣመመ ስስ ቦዲ በዚያ ሙቀት ከሚፈልጉት በላይ ሊልፈሰፈስ ይችላል። እጅ የማይታገሠው ነገር ግን ገና ያልፈላ፣ 70 ዲግሪ አካባቢ የሆነ ውኃ ይበቃል። ቦዲውን ለአሥር ሰኮንድ ያህል ነክረው አውጥተው በጣቶችዎ ትንሽ ያቅኑት፤ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ከተው ያጽኑት፤ አሁንም ይድገሙት። በአንድ ጊዜ ካስገደዱት ይሰነጠቃል፤ አምስት ስድስት ጊዜ መመላለስ የተለመደ ነው።

ከእንግዲህ ሲያስቀምጧቸው ጎማዎቹን አውልቀው ለብቻቸው በወረቀት ያድርጓቸው፤ ለማውለቅ የማይቻል ከሆነ ከሻንሲው ሥር ትንሽ እንጨት አስገብተው ጎማው ቦዲውንም ሆነ ወለሉን እንዳይነካ ያድርጉ። መጠቅለያው ታጥቦ የለሰለሰ አሮጌ ነጠላ ይሁን። ጋዜጣ ቀለሙን ስለሚያሳልፍ፣ የብር ላስቲክ ደግሞ ሲያረጅ ስለሚጣበቅ ሁለቱም ይቅሩ። ሣጥኑንም በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሳይሆን፣ እርስዎ በሚኖሩበት ክፍል ውስጥ፣ የክረምቱ እርጥበት ከማይደርስበት መደርደሪያ ላይ ያኑሩት፤ ልጆቹም አንዳንድ ጊዜ እያወረዱ ይጫወቱባቸው፤ የሚሮጥ መኪና ጎማው በአንድ ቦታ ላይ አይጣበቅምና።